የቤቱ መቀነት

እቴ ማንጠግቦሽ መሞታቸውን የሰማሁት ወረታ ገበያ ላይ ሽምብራ ስገዛ ነው። ሻጩ የቁሐር ሚካኤል ሰው ነበር። ቀና እንኳ ሳይል፣ እየሰፈረ፣ «ያች ቤት አልባሿ አረፈችኮ፤ ትናንት ቀበርናት» አለኝ። ሽምብራውን ትቼ ሄድኩ። ሰውየው ከኋላዬ «ኧረ ሽምብራህ!» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል፤ እግሬ ግን አልቆመም።

ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ይሆናል። ለቅሶ ላይ ደግነቱ ይወራል፣ ክፋቱ ከሬሳው ጋር ይቀበራል። ስለ እቴ ማንጠግቦሽ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም። ደግ አልነበሩም። ምላሳቸው ይቆርጣል፣ ቁጣቸው ቅርብ ነው፣ ካኮረፉ ደግሞ ሳምንትም አይበቃቸው። አብረን የሠራንባቸውን ዓመታት ሁሉ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርን። እኔ አናጢ ነኝ፤ ምሰሶ አቆማለሁ፣ ማገር አስራለሁ፣ ጣራ አዋቅራለሁ። እኔ የጨረስኩትን ቤት እሳቸው ይረከቡኛል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው፣ መደቡ፣ የዕቃ ማስቀመጫው፣ ቀለሙ፣ እንግዳ የት እንደሚቀመጥና አራስ የት እንደምትተኛ ሁሉ የእሳቸው ነው። ግድግዳ የምትለስን ሴት በየቤቱ አለች፤ ቤት የምታለብስ ግን በፎገራ ሜዳ ማንጠግቦሽ ብቻ ናት ይባል ነበር። ቤት አልባሿ የሚለውን ስም ያወጣላቸውም አገሩ ነው።

ቤት ሊረከቡ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት የኔን ሥራ ነው። መሐል ቤት ቆመው ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች ይመለከቱታል።

«አንተ ሙጨ፣ ይህን ያቆምከው ጠላ ጠጥተህ ነው ወይስ ልትጠጣ ስትጣደፍ?»

«እቴ፣ እርስዎ ተቆጥተው ሲያዩት ነው የጎበጠ» እላቸዋለሁ።

ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ወደ ጭቃቸው ይሄዳሉ። ሲስቁ ማንም እንዲያያቸው አይፈልጉም ነበር።

ሙያው የእናታቸው ነው፤ የእናታቸውም ከእናታቸው የመጣ። የፎገራን አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥቁር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እሱን ብቻውን አቡክቶ የለጠፈ ሰው ጥር ላይ ግድግዳው ተዘነጣጥሎ ያገኘዋል። እቴ ማንጠግቦሽ የወንዝ አሸዋ፣ የጤፍ ጭድና እበት ቀላቅለው ጉድጓድ ውስጥ ያስተኙታል። ሽታው መንደሩን ሲያስመርር «ጭቃው ካልገማ ቤቱ አያምርም» ብለው መልስ ይሰጣሉ። ከዚያ ይመርጋሉ፣ ይለስናሉ፣ በመጨረሻ ነጭ አፈር በተልባ ውኃ በጥብጠው ይቀባሉ። ሲደርቅ በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ ያሹታል። ጣት ቢያስኬዱበት አይሻክርም።

ግን እሳቸውን ከሌሎች የለያቸው ይህ አልነበረም። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የቤቱን እመቤት ባዶው ቤት ውስጥ ያስገቧትና ኑሮዋን እንድትኖር ያዟታል። «እንስራ ተሸክመሽ ግቢ። አሁን አውርጂው። ልጅ አዝለሽ ጎንበስ በይ። ሌማት ፈልጊ፣ እጅሽን ዘርጊ» ይሏታል። ሴትዮዋ በባዶ ቤት የሌለ ዕቃ ስታነሣና ስታስቀምጥ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። እጇ ያረፈበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በጥፍራቸው ይጭሩታል። በኋላ እዚያው ላይ እንደ ኪስ የገባ ማስቀመጫ ይወጣል። «ቤት በገላ ነው የሚለካ፣ በዓይን አይዶለም» ይሉ ነበር። እሳቸው ባለበሱት ቤት ውስጥ ሴት ዕቃ ፈልጋ ስትንከራተት አይቼ አላውቅም።

ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የሚመጣው መቀነቱ ነው። ከደብረ ታቦር አቅጣጫ ካለው ኮረብታ በአህያ ያስመጡት ቀይ አፈር አለ። በዚያ አፈር መዳፍ የሚያህል ወርድ ያለው ቀይ ጥብጣብ የቤቱን ውስጥ ዙሪያውን ያሰምሩበታል። ከፍታውን የሚለኩት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው፣ የራሳቸው መቀነት የታሰረበት ላይ ምልክት በማድረግ ነው። እናታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከመቀነቱ በታች ያለው የውኃ ነው፣ በላይ ያለው የሰው ነው። ክረምት ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ውኃው ቤት ይገባል። ስለዚህ የመኝታው መደብ በደረጃ የሚወጡበት ሆኖ ከመቀነቱ በላይ ይሠራል። ዱቄቱም ልብሱም ከመቀነቱ በላይ ይሰቀላል። በእኛ አገር ሙሽራ ሲመረቅ «ከመቀነቱ በላይ ያኑራችሁ» ይባል ነበር።

አንድ ቀን የማያገባኝን ጠየቅኩ። ለአንድ ገበሬ ከጉብታ ላይ ቤት ሠርተን፣ ወዲያው ወንዙ አጠገብ ለሌላ ሰው እየሠራን ነው።

«እቴ፣ ያኛው ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ይህ ዝቅ ያለ ነው። መቀነቱ ለምን እኩል ይሆናል?»

«አንተ እንጨትህን ቁረጥ» አሉኝ። «እናቴ እዚህ ላይ ነው ያሰመረች፣ እናቷም እዚህ ላይ። ውኃው ራሱ ያውቀዋል።»

እንጨቴን ቆረጥኩ። እውነት ለመናገር መልሱ መልስ መስሎኝ ነበር፤ ለሁላችንም እንደዚያው ይመስለን ነበር።

ያን ጊዜ ወረታ በመንገዱ ግራና ቀኝ እየሰፋች ነው። ሐጂ እድሪስ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ለጉዳይ ቁሐር መጥተው እቴ ማንጠግቦሽ ያለበሱት ቤት ውስጥ ምሳ በሉ። ቤታቸው እንደተመለሱ የእንግዳ ክፍላቸውን እንዲያለብሱላቸው ላኩባቸው። የሐጂ ግቢ ውኃ ደርሶት አያውቅም። እቴ ማንጠግቦሽ ግን መቀነት የሌለው ቤት ራቁቱን ነው ብለው አሰመሩት። ሲያልቅ ክፍሉ አማረ፤ የምሥራቁ ፀሐይ ነጩ ላይ ሲያርፍ ቀዩ እንደ ሐር ጥለት ይታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሆቴል ያለው ጠራቸው፣ ዳኛው ጠራቸው፣ ከሐሙሲት ሳይቀር በቅሎ ተላከላቸው። ለከተማ ሰው መቀነቱ ጌጥ ነበር፤ ለምን እንደሚሰመርም የሚጠይቅ አልነበረም። እሳቸውም ደስ አላቸው። አንድ ምሽት ከወረታ ወደ ቁሐር አብረን በእግር ስንመለስ፣ «ሙጨ፣ የእናቴ መቀነት ከተማ ገባች» አሉኝ። ኩራታቸው ደስ ብሎኝ ያን ቀን አልተጨቃጨቅኋቸውም።

አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ ውድነሽ የምትባል። አባቷ ሕፃን ሳለች ነው የሞተ። ውድነሽን ደሴ የሚባል ጨዋ ልጅ አገባት። ለደሴ አባቱ የሰጠው መሬት ወንዙ አጠገብ፣ ታች ሜዳ ነው። ጎጆውን እኔ አቆምኩት፣ እቴ ማንጠግቦሽ አለበሱት። እንደዚያ ሲለፉ አይቼ አላውቅም። የለሰኑትን አፍርሰው መልሰው ለሰኑ። ሙሽራዋን ራሷን ባዶው ቤት አስገብተው እንስራ አሸከሟት፣ ትራስ አዘሉባት። ውድነሽ እየሳቀች «እማ፣ ገና ልጅ የለኝም» ስትላቸው፣ «ይመጣል፤ ቤቱ ቀድሞ ይወቀው» አሏት። መቀነቱን ለብቻቸው ሆነው ነው ያሰመሩት፤ ማንንም አላስገቡም።

ልጁ መጣ። ለበኩሯ እናቷ ቤት ልትወልድ ታስቦ ነበር፣ ምጡ ቀደማትና እዚያው ቤቷ ወለደች። እቴ ማንጠግቦሽ ወርደው ሰነበቱና ለገንፎ ዱቄትና ቅቤ ሊያመጡ ጉብታ ላይ ወዳለው ቤታቸው ወጡ። ነሐሴ ነው። ዝናቡ በዚያው ያዘና መንገዱን ዘጋው። እኔም ጣራቸው አፍስሶ ልጠግን መጥቼ ዝናቡ ከእሳቸው ጋር አስቀረኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ደሴ በታንኳ መጣ። እስከ አንገቱ ረጥቧል።

«እቴ፣ ውኃው መድረኩን ነካ። ውድነሽንና ልጁን እዚህ ላምጣቸው?»

«ተመድረኩ አልፏል?»

«ገና ነው። ግን አመጣጡ አላማረኝም።»

«ተመቀነቱ አያልፍም» አሉት። «አራስ በዚህ ዝናብ ታንኳ ላይ አውጥተህ ብርድ ልታስመታብኝ ነው? ሕፃኑስ? ገና ክርስትና እንኳ አልተነሣ። መደቡ ላይ አርፋ ትቀመጥ። አንተ ሂድ፣ ከብቶችህን አውጣ።»

የደሴ ፊት ሲፈታ አየሁት። ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። እሳቸውም ዱቄቱን መንፋት ቀጠሉ፤ እኔም ወደ ጣራዬ ወጣሁ። ከእኛ ውስጥ የተጨነቀ ሰው አልነበረም።

የሆነውን በኋላ ከደሴ አፍ ነው የሰማነው። ከብቶቹን ወደ ደረቅ መሬት ሲነዳ ረፈደበት። አራሷን ስትንከባከብ የነበረችው እኅቱ ከጎረቤት እሳት ልትጭር ወጥታ ውኃው መመለሻ ነፈጋት። ቀትር ላይ ርብ እስካሁን ወጥቶበት በማያውቀው በኩል ወጣ። ውኃው መቀነቱን ሸፈነ፣ መደቡን ሸፈነ። ውድነሽ መደቡ ላይ ቆማ ልጁን ከራሷ በላይ አነሣችው። ጣራው ያፈሳል፤ ጭራሮ የምታህል ደረቅ ነገር ቤቱ ውስጥ የለም። እንደዚያ ሆና ባሏን ጠበቀች። ደሴ አመሻሹ ላይ በታንኳ ሲደርስ ልጁ እጇ ላይ ቀዝቅዟል። እሷ አላወቀችም። «ተኝቷል፣ ቀስ ብለህ ተቀበለኝ» አለችው።

ውኃ አልገደለውም፤ ብርድ ነው። ክርስትና ስላልተነሣ ካህናቱ ከቅጽሩ ውጭ ይቀበር አሉ፤ ስም አልነበረውምና ሲቀበርም በስም የጠራው የለም። ያን ዓመት ውኃው ለምን እንዲያ እንደሞላ ብዙ ተባለ። አንዱ ወንዙ በደለል ተደፍኗል አለ፣ ሌላው ኃጢአታችን ነው አለ። እኔ አናጢ ነኝ፣ ስለ ውኃ አላውቅም።

እቴ ማንጠግቦሽ ለቅሶ ሲደርሱ አብሬያቸው ነበርኩ። ውድነሽ ዘመድ ቤት አጎዛ ላይ ተቀምጣለች። እናቷን ስታይ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም።

«ውጪልኝ» አለቻቸው።

ወጡ። ያን ቀን ወደ ጉብታው ስንመለስ ቤታቸው ገብተው ተንበረከኩ። ይህ የእናታቸው ቤት ነው፤ መቀነቱንም ያሰመሩት እናታቸው ናቸው። ደሴ ከሄደ በኋላ ውኃው እዚህም ገብቶ መደቡ ላይ አውጥቶን ነበርና ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ትቷል። መስመሩ ከመቀነቱ በታች ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ መዳፍ ቢሆን ነው። እጃቸውን እዚያች መካከል ላይ አስቀመጡ።

«እናቴ አልዋሸችም» አሉ። «የዚህን ቤት ውኃ ነበር የነገረችኝ። እኔ የአገሩን ሁሉ መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አገር ያውቃል። መፋቂያ ይዘው፣ ያለበሱትን ቤት ሁሉ እየዞሩ መቀነቱን ይፍቁ ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም። አንዳንዱ አዝኖ ያስገባቸዋል፤ አንዳንዱ «አበደች» ብሎ በር ይዘጋባቸዋል። አንዲት ሴት ውሻ ለቀቀችባቸው፤ ነጠላቸው ተቀዶ መጡ። እኔ ደግሞ ተናደድኩባቸው። የሠራነውን ሥራ፣ ያን የመሰለ ግድግዳ፣ በብረት ሲሸረክቱት ማየት ያማል። «እቴ፣ የጉብታው ቤቶች ላይ ምን አጠፋ?» ብላቸው፣ «ሙሽራ እያየው ታስሰምረዋለች፤ ታች ሜዳ ይዛው ትወርዳለች» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አብሬያቸው ዞርኩ።

የሐጂ እድሪስ ቤት ስንደርስ ሐጂ በር ላይ ቆመው ለመኗቸው።

«እቴ ማንጠግቦሽ፣ የእኔ ቤት ውኃ አያውቀውም። ይህ ጌጥ ነው። ይተዉልኝ።»

«ሐጂ፣ ጌጥ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። የሚያየው ሰው አያውቅም።»

«የአላህ ውሳኔ ነው፤ እርስዎ ምን አጠፉ?»

«ልጄ ሰምታኛለች» አሉ። «ያጠፋሁት እሱን ነው። ሰምታኝ ተቀመጠች።»

ሐጂ ከበሩ ዘወር አሉ። እቴ ማንጠግቦሽ ፍቀው እስኪጨርሱ ሐጂ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተፋቀው ቦታ ዙሪያውን እንደ ቁስል ቀረ። ቀለም ቀቢ ጠርተው እንዳላስሸፈኑት በኋላ ሄጄ አይቻለሁ።

ሥራው በዚያው ቆመ። የሚጠራቸው ጠፋ፤ ቢጠሯቸውም አይሄዱም ነበር። ነጭ አፈር የሚያነሡት ለአንድ ቤት ብቻ ሆነ። ደሴ ታች ሜዳውን ትቶ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ከፍታ ላይ አዲስ ቤት አሠራኝ። ውድነሽ ግን ግድግዳው ከተመረገ በኋላ አላስነካም አለች። አልተለሰነም፣ አልተቀባም። ጭዱ እንደቆመ፣ የጣት አሻራው እንደታየ ቀረ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቤት ሬሳ የወጣበት ቤት ነው የሚመስል፤ ሰው ገብቶ ጠላ ለመጠጣት ይከብደዋል። እሷ እዚያው ውስጥ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች፣ አሳደገች።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ እቴ ማንጠግቦሽ ነጭ አፈር በስልቻ ተሸክመው ልጃቸው ደጅ ይቆማሉ። አጥሩን አያልፉም። የልጅ ልጆቻቸውን ያዩት በአጥር ላይ ነው።

«ግድግዳሽን ላልብስልሽ?» ይላሉ።

«ዘንድሮ አይሆንም» ትላለች ውድነሽ።

ስልቻቸውን እንደተሸከሙ ይመለሳሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ስልቻውን ልቀበላቸው ብል እጄን መቱኝ። ወገባቸው እየጎበጠ ሄደ፤ ስልቻው ግን እየቀነሰ አልሄደም። እኔ ውድነሽን በልቤ ጠላኋት። ለተፈረደበት ሰው እንኳ ቅጣት ማለቂያ አለው እል ነበር። እናት የሞት ፍርደኛ ይመስል በየዓመቱ ደጅ ስትቆም ማየት እንዴት አያማት እያልኩ ሰውም ፊት አምቻታለሁ።

እንግዲህ ከገበያው ቀጥታ ወደ ቁሐር የሄድኩት ይህንኑ ቁጣ ይዤ ነው። ለቅሶ ቤቱ ደርሼ ሰዉ እስኪቀል ጠበቅኩ። ውድነሽ ጥቁር ለብሳ ያንን ያልተለሰነ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጧል። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ፊት አይቶ ዝም ይል ነበር። እኔ አልቻልኩም።

«ውድነሽ» አልኳት፣ «እናትሽ ነጭ አፈር ተሸክመው በየዓመቱ ደጅሽ ቆሙ። አንድ ቀን ብታስገቢያቸው ምን ነበረበት?»

የተቀመጡት ሴቶች ደነገጡ። ደሴ ከተቀመጠበት ተነሣ። እሷ ግን በእጇ አስቀመጠችው።

«አያ ሙጨ፣ እናቴን አያውቋትም እንዴ?» አለችኝ። «ሥራ ታልያዘች ሰው ቤት ሄዳ ታውቃለች? ይቅር በይኝ የሚል ቃልስ ታፏ ሲወጣ ሰምተው ያውቃሉ?»

«አልሰማሁም» አልኳት።

«እኔም ልጇ ነኝ፤ ይቅር ማለት አላውቅበትም። ሳያት ያ ልጅ ፊቴ ይመጣል፣ ስትሄድ ደግሞ እሷ ትናፍቀኛለች። እሺ ብላት በአንድ ሳምንት አልብሳ ትጨርሳለች። ተጨረሰች በኋላ በምን ምክንያት ትመጣለች?» እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ሻካራውን ግድግዳ ዳሰሰችው። «ዘንድሮ አይሆንም ያልኳት ለከርሞ እንድትመጣ ነው። እሷ እምቢታ መስሏት ሞተች።»

ቁጣዬን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ አለቀስኩ።